የተረፈው መድኃኒት ወዴት ይሄዳል?

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማርልን፤ የቀረውን ቤተ ሰብ ያጽናልን።

የእድሩ ኮሚቴ «ለአባሎች የሚጠቅም አንድ ነገር አሰሙን» ብሎ ስለ ጠየቀን፤ የሒሳቡ ሪፖርት ከመቅረቡ በፊት ጥቂት ጊዜ እንወስዳለን። የምንናገረው ስለ መድኃኒት ነው። «መድኃኒት የሐኪም፤ እድር የቀባሪ፤ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እንደሚገናኙ ወደ ኋላ እናሳያለን።

በቅድሚያ ግን ማን እንደምንናገር ይታወቅ። እኛ በጽሕፈት ሥራ ያረጀን ሰዎች ነን፤ ሐኪምም ኬሚስትም አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። የምናውቀው ሥራ መዝገብ መያዝ ነው፤ ገቢውን ከወጪው ጋር ማመሳከር። ስለ መድኃኒትም ያየነው በዚሁ በመዝገብ ያዥ ዓይን ነው። መድኃኒት ከመደብር ወደ ቤታችን ሲገባ ወረቀት አለው፤ ዋጋ አለው፤ ፊርማ አለው። ከቤታችን ሲወጣ ግን የመዘገበው የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ኪኒን የት ገባ? የዛሬው ጥያቄያችን ይኸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና፤ በእኛ ለማድረግ የሚሻ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ።

ለቅሶ ቤት ስንሄድ የምናየውን አስቡት። ሟች ከተቀበረ በኋላ ሣልስቱ ሲያልፍ አልጋው ይነሣል፤ ፍራሹ ፀሐይ ይወጣል፤ ልብሱ ይታጠባል። ያን ጊዜ ከትራሱ ሥር ወይም ከመስኮቱ ላይ አንድ ፌስታል ይገኛል። የስኳር ኪኒን፤ የደም ግፊት ኪኒን፤ ግማሹ የተጠጣ ሽሮፕ፤ ያልተከፈተ የመርፌ መድኃኒት። ለሐዘንተኛው ያን ማየት ራሱ ሕመም ነው፤ «ከፊቴ አንሡልኝ» ይላል። ያነሣውም ሰው አንዱ ገደል ይወረውረዋል፤ አንዱ ሽንት ቤት ይከተዋል፤ አንዱ ከጉድፍ ጋር ያቃጥለዋል። አንዱ ደግሞ «የኔም ሕመም እንደሱ ነው» ብሎ በኪሱ ይዞት ይሄዳል። ይህ በቢቸናም በሞጣም ያለ ነው፤ ሌላም አገር ያው ነው።

«ገደል ከገባ አለቀለት» የሚል ካለ፤ አላለቀለትም። ውሃ የተጣለበትን ይዞ እንደሚሄድና እታች ሄዶ ሥራ እንደሚሠራ ያገራችን ሰው ከጥንት ያውቀዋል። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ሲበትኑ ዓሣው ሰክሮ እንደሚንሳፈፍ ያልሰማ የለም። እንዶድንም እንውሰድ። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነውና፤ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ ከዚህ ተነሥተው አሳዩ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነውም በ1989 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ ሴቶቹ ያሰቡት ነጠላ ማንጣት ብቻ ነበር። እንዶዱ ግን ነጠላውን አንጥቶ አላቆመም፤ ወንዙን ይዞ ወርዶ የሚገድለውን ገደለ። እዚያ ላይ ውጤቱ ለደግ ሆነ። ሁልጊዜ ለደግ አይሆንም።

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ። ሰው መድኃኒት ሲውጥ ሰውነቱ ሁሉንም አይጨርሰውም። ብዙዎቻችን የምናውቀው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ሥራውን ከሠራ በኋላ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። አሞክሳሲሊንም አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ከብትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ለትል የተወጋው መድኃኒት ከፊሉ በፋንድያው ይወጣል። እንግዲህ ወደ ወንዝ የሚሄደው መድኃኒት መንገዱ ብዙ ነው። ከሰው ሰውነት የሚወጣ አለ፤ ከፋብሪካ የሚፈስ አለ፤ ከሽንት ቤት ተመጥጦ ወንዝ ዳር የሚደፋ አለ፤ እኛም ተርፎን የምንጥለው አለ።

ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ ስንት እንደሚሆን የለኩ አሉ። በእንግሊዝ አገር የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከብዙ አገር አጥኚዎች ጋር ተባብረው በ104 አገሮች ከ258 ወንዞች ውሃ ቀዱ፤ የተቀዳበት ቦታ 1,052 ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ 61 ዓይነት መድኃኒት ፈለጉ። ውጤቱ የወጣው በየካቲት 2022 ዓ.ም. ነው። በብዛት ከተገኙት መካከል የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ካርባማዜፒንና ይኸው ሜትፎርሚን ይገኙበታል። ምንም መድኃኒት ያልተገኘበት በአይስላንድና በቬኔዙዌላ ጫካ ውስጥ ዘመናዊ መድኃኒት በማይጠቀሙ ሰዎች መንደር ብቻ ነው። ከአራት ቦታ በአንዱ ደግሞ ከመድኃኒቶቹ ቢያንስ አንዱ ለውሃ ውስጥ ፍጡር አያሰጋም ከሚባለው ልክ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉም የበለጠ መድኃኒት የተገኘባቸው ከተሞች የትኞቹ ይመስሏችኋል? አንደኛ የፓኪስታኗ ላሆር፤ በአንድ ሊትር ውሃ በአማካይ 70.8 ማይክሮግራም። ሁለተኛ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ፤ 68.9። ሦስተኛዋ የራሳችን አዲስ አበባ ናት፤ 51.3 ማይክሮግራም። ለንደንም ኒው ዮርክም አይደሉም፤ አዲስ አበባ። መድኃኒት ከእኛ አብልጦ የሚውጥ አገር ሞልቷል፤ ልዩነቱ እነሱ እዳሪያቸውንና ጉድፋቸውን አጣርተው መልቀቃቸው ነው። አጥኚዎቹም ምክንያት ብለው ከጠቀሷቸው መካከል ወንዝ ዳር ጉድፍ መጣል፤ ከሽንት ቤት የተመጠጠውን ወንዝ ውስጥ መድፋትና የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ ይገኛሉ።

ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ይህን በቁጥር ስንናገር አይታይምና፤ እንደ ልማዳችን በወረቀት አሰላነው። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን፤ ራስ ሲያመን የምንውጠውን ያህል፤ በ50 በርሜል ውሃ ውስጥ ቢሟሟ የአዲስ አበባውን ወንዝ ያህል ይሆናል። አንድ ስኒ የሚጠጣ ሰው ከዚያ ውሃ ምንም ላይሰማው ይችላል። ዓሣው ግን ቀንም ሌትም እዚያው ነው፤ ይተነፍሰዋል፤ ይበላዋል፤ ይወልድበታል። የአቃቂ ውሃ አባ ሳሙኤል ገብቶ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል፤ በመንገዱም ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል። እኛም ዘንድ ቢሆን ውሃው ቁልቁል መሄዱ አይቀርም። ሱሃና ሙጋ ከጮቄ ወርደው ዓባይ ይገባሉ፤ የሞጣም ውሃ መድረሻው ዓባይ ነው። ዓባይም የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ላይ ያርፋል። ከተማችን ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ ግን በየዓመቱ ያድጋል፤ መድኃኒት ቤቱም አብሮ ይበዛል።

«ይህን ያህል ትንሽ ነገር ምን ይጎዳል?» ለሚል ሁለት ነገር እንንገረው።

አንዱ የካናዳው ሐይቅ ነው። አጥኚዎች ለሙከራ ብቻ በተከለለ አንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. ለሦስት ክረምት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለውን ቅመም እጅግ በጣም በትንሹ ጨመሩበት። መጠኑም በከተማ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ምልክት ያሳዩ ጀመር፤ እንቁላል መሥራት ቃጣቸው። አንደኛው የትንንሽ ዓሣ ዘር ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። መጨመሩ ከቆመ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ዓሣው ተመልሶ ተራባ።

ሁለተኛው ጥንብ አንሣ ነው። ይህን እኛ የእድር ሰዎች በተለይ ልንሰማው ይገባል። በህንድና በአካባቢዋ አገሮች ጥንብ አንሣ ሰማዩን የሚሸፍን ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንደ ቅጠል ረገፈ። ነጭ ወገብ የሚሉት ዓይነት ከ1992 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከሺው አንድ ብቻ ቀረ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ በ2004 ዓ.ም. ተደረሰበት። ዲክሎፌናክ ነበር፤ እኛ ለወገብና ለመገጣጠሚያ የምንወስደው ያው ማስታገሻ። እዚያ ለከብትም ይወጉት ነበር። ከብቱ ተወግቶ ሲሞት ሥጋውን ጥንብ አንሣ ይበላል፤ ኩላሊቱ ይቆምና በቀናት ውስጥ ይሞታል።

ከዚያስ ምን ሆነ? ጥንቡን የሚበላ ሲጠፋ ውሻ በዛ፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋ ጀመር። በቦምቤይ ከተማ ደግሞ ፓርሲ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ እምነታቸው ሬሳን ከመሬትና ከእሳት ስለሚከለክል ሟቻቸውን በከፍተኛ ግንብ ላይ አኑረው ለጥንብ አንሣ ይሰጣሉ። ያባቶቻቸው ሥርዓት ነው። ጥንብ አንሣው ሲጠፋ ሬሳው ከነክብሩ የሚሸኝበት መንገድ ታጣ፤ በመስተዋት የፀሐይ ሙቀት አሰባስበው ሬሳውን ለማድረቅ እስከ መሞከር ደረሱ። አያችሁ፤ ላም ያመማት ገበሬ የወጋት መርፌ ሄዶ ሄዶ የሌላውን ሰው የቀብር ሥርዓት አፈረሰ። እኛ የሟችን ክብር ለመጠበቅ የተሰበሰብን ሰዎች ይህን ስንሰማ ሊከብደን ይገባል። ህንድ፤ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሠራ በ2006 ዓ.ም. ከለከሉ።

«ይህ የሰው አገር ነገር ነው» እንዳይባል፤ አሁን የራሳችንን ደጃፍ እንንካ። ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚሄድ ሰው ግንደ ወይንን ያልፋል። ያ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። በ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የካርተር ማእከልና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአገራችን የጤና ሰዎች ጋር ሆነው በዚያ ወረዳ ስለ ትራኮማ፤ የዓይን ማዝ ስለምንለው በሽታ፤ ትልቅ ጥናት አደረጉ። አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለሕዝብ አደሉ። ብዙ እናቶች ልጅ አዝለው ተሰልፈው ያስዋጡት ነው።

ጥቅሙን በቅድሚያ መናገር ይገባል። ዓይን የሚያጠፋው ጀርም እጅግ ቀነሰ። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሞት ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ወረደ። ስለዚህ ማንም ከዚህ ስብሰባ ወጥቶ «መድኃኒት መርዝ ነው አሉ» እንዳይል። ቀባሪዎች ነንና የሕፃን ሬሳ ሳጥን ስንት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ያን የሚያስቀር መድኃኒት ይባረክ እንላለን።

ሆኖም እነዚያው ሐኪሞች ሌላም ነገር አዩ። በአሥራ ሁለት ንዑስ ቀበሌዎች ልጆች በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን ወሰዱ። ከመጀመሩ በፊት አዚትሮማይሲንን የተላመደ የሳምባ ምች ጀርም በአፍንጫቸው ውስጥ የተገኘባቸው ልጆች ከመቶው 3.6 ነበሩ። ከዓመት በኋላ ከመቶው 46.9 ሆኑ። መድኃኒቱ ባልታደለባቸው ግን 9.2 ብቻ ነበሩ። ጀርሙ ትምህርት ተማረ እንደ ማለት ነው፤ መድኃኒቱን የማይችለው ሞተ፤ የቻለው ተርፎ ተራባ። እዚህም ላይ ደግ ዜና አለ፤ እደላው ሲቆም የተላመደው ጀርም እየቀነሰ ሄደ።

እንግዲህ አስቡት። በሐኪም እጅ፤ በሚዛን፤ በመዝገብ የተሰጠ መድኃኒት እንኳ ጀርሙን ይህን ያህል ካስተማረ፤ እኛ በዘፈቀደ የምንበትነው ምን ያደርጋል? የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ፤ አምስት ቀን የታዘዘውን ሁለት ቀን ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ መተው፤ የሟችን ትራፊ መካፈል፤ የቀረውን ወንዝ መጣል፤ ይህ ሁሉ ለጀርም ትምህርት ቤት መክፈት ነው። የተማረው ጀርም ደግሞ የድሃ ልጅ የሀብታም ልጅ አይልም። ነገ የልጅ ልጃችን ሳምባ ምች ሲይዘው መድኃኒቱ ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱም አይሠራም። ያን ጊዜ ጥሩንባ የሚነፋው ይኸው እድራችን ነው።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ እንመልስ። አንዲት እናታችን ይህን ነገር ስናነሣ «ልጄ፤ በስንት ብር የተገዛ መድኃኒት እንዴት ይመለሳል? ጎረቤቴ ታሞ ተኝቶ፤ ኃጢአት አይሆንም ወይ?» አሉን። ጥያቄያቸው ከደግነት የመጣ ነው፤ ይከበራል። ግን እማማ፤ የሟች መድኃኒት ለሟች ተለክቶ የተሰጠ ነው። የአንዱ ሰው ልክ ሌላውን ይጥላል፤ የደም ግፊት ኪኒን ግፊት የሌለበትን ሰው ራሱን ያስተዋል። ጊዜው ያለፈበትም ይኖራል። ጎረቤትን መርዳት ካስፈለገ ከእድሩ ሣጥን አዋጥተን እናሳክመው፤ ይህ ከትራፊ ኪኒን የተሻለ ዝምድና ነው።

ሌላው ደግሞ «ፋብሪካው እያፈሰሰ፤ ከተማው እየደፋ፤ የእኛ አንድ ፌስታል ምን ይለውጣል?» ይላል። እውነት ነው፤ ከሰውነታችን የሚወጣውን ልናስቀር አንችልም፤ የከተማን ፍሳሽ ማጣራትም የመንግሥትና የባለሙያ ሥራ ነው፤ እነሱም እንዲሠሩት ልንጠይቅ ይገባናል። ተርፎ በእጃችን የቀረው ፌስታል ግን ሌላ ባለቤት የለውም። እዚህ ላይ ኃላፊው እኛው ነን። ለመጠየቅም ቢሆን የራሱን ደጅ የጠረገ ሰው ቃሉ ይሰማል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ኮሚቴው ወደ ጤና ጣቢያው ቀርቦ የመድኃኒት ክፍሉን ያነጋግር፤ ትራፊ መድኃኒት ተቀብሎ በሥርዓት የሚያስወግድበትን ቀንና መንገድ በጽሑፍ ይስማማ። ከጤና ጣቢያው መልስ እስኪገኝ ማንም ወደ ወንዝ፤ ወደ ገደል ወይም ወደ ሽንት ቤት አይጣል፤ በየቤቱም አይቃጠል። ከነማሸጊያው ተቋጥሮ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ሁለተኛ፤ አባል ሲሞት ከሣልስት በኋላ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች፤ አንድ ወንድና አንድ ሴት፤ ሐዘንተኛውን ሳያስጨንቁ በለሆሳስ ጠይቀው የቀረውን መድኃኒት ይረከቡ። የሟች ሕመም ገመና ነውና ፌስታሉ ተቋጥሮ ይሂድ፤ ማንም አይፈትሸው፤ ማንም አይቀንስለት። በመዝገብ የሚጻፈው «አንድ ፌስታል ተረክበን አስረክበናል» የሚል ብቻ ይሁን፤ ፊርማ ይኑረው። መርፌና ስለት ካለ በጠንካራ ዕቃ ለብቻው ይሁን።

ሦስተኛ፤ ከብት ያላችሁ አባሎች፤ በተለይ ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ፤ መድኃኒት ተወግቶ የሞተ ከብት ለጥንብ አንሣና ለጅብ ሜዳ ላይ አይጎተት፤ ከውሃ ራቅ ብሎ በጥልቅ ይቀበር። ለጉድጓድ ቁፋሮ አካፋና ዶማ ቢያስፈልግ የእድሩ ዕቃ ግምጃ ቤት አለ፤ በደረሰኝ ይወሰድ።

አራተኛ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በዓመት ሁለት ጊዜ በስብሰባችን ላይ ተገኝተው ስለ መድኃኒት አወሳሰድ እንዲያስረዱን ይጋበዙ።

ይህ ሁሉ ለእድሩ ብዙ ወጪ የለውም፤ አንድ መዝገብና የሁለት ሰው እግር ነው። የሞጣ ወንድሞቻችንም ሐሳቡን ይዘው ሄደው በየእድራቸው ቢያነሡት፤ በሁለቱ ከተማ መካከል ያለው ውሃ ሁሉ ይጠቀማል።

አባቶቻችን እድርን ሲያቋቁሙ ያሰቡት ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ነው። ሬሳውን አጥበን፤ ገንዘን፤ ተሸክመን፤ አፈር አልብሰን እንመለሳለን፤ ድንኳኑን ነቅለን ወንበሩን ቆጥረን እንረከባለን። አንድ ሹካ ብትጎድል እንኳ ዕቃ ያዡ ይጠየቃል። በዚያው ጥንቃቄ ከትራስ ሥር የተገኘውን ፌስታል ብንቆጥረው ሥራችን የተሟላ ይሆናል ብለን እናምናለን።

አሁን ሐሳቡን ለሰብሳቢው አስረክበናል፤ የምትደግፉም የምትቃወሙም እጃችሁን አውጡ። ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።